ሐይቅ ዳር ያለችው በርጩማ

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ኦስትሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ምሽት ደወለና «ጋሼ፣ የት እንዳለሁ ብታውቅ!» አለኝ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነገሩን እንዲህ ብሎ ሲጀምር እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የምቀመጥበት ነገር ነው። ወይ ሆስፒታል ይሆናል፣ ወይ ፖሊስ ጣቢያ። ተቀመጥኩና «የት ነህ?» አልኩት።

«ሐይቅ ዳር ነኝ። ቴአትር ልናይ ተቀምጠናል። ጣሪያ የለ፣ ግድግዳ የለ፣ ከላይ ሰማዩ ብቻ!»

«በዚህ ክረምት?»

«ጋሼ ደግሞ! እዚህ እኮ በጋ ነው።»

እውነቱን ነው። እነሱ ፀሐይ ሲወጣላቸው እኛ ላስቲክ እንወጥራለን። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእነሱም በእኛም አገር በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ የፈረንጆቹን የፀሐይ ወራት «ክረምት» እያልን ስንተረጉም ኖረናል። ስለዚህ «በአውሮፓ የክረምት የቴአትር ፌስቲቫል ተከፈተ» ሲባል፣ ለመርካቶ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት ቦት ጫማ ያጠለቀ ተዋናይ ነው።

ልጁ ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ብሬገንዝ የምትባል ከተማ ናት፤ ኦስትሪያ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ በሚጋሩት ቦደንዜ በተባለው ሐይቅ ዳር ያለች። መድረኩ የቆመው ውሃው ላይ ነው። ሰባት ሺህ ያህል ሰው ደግሞ ዳር ላይ ባለው ደረጃ ተደርድሮ ወደ ሐይቁ ያፈጣል። መድረኩ ላይ ያለውን ሳይ ግን ዓይኔን አሸሁ። ጎርፍ የበላው መንደር ነው! የተንጋደደ የቤተ ክርስቲያን ማማ፣ ግማሽ ጎኑ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ቤት፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ።

«ምን ደረሰባቸው? ሰው ተረፈ?»

«ጋሼ፣ የመድረክ ሥራ ነው። ሆን ተብሎ ነው የተሠራው።»

«ጎርፉ? ሆን ተብሎ?»

«አዎ።»

«ስንት ፈጀ?»

የመድረኩን አያውቅም፤ የራሱን ቲኬት ዋጋ ግን ነገረኝ። በዚያን ቀን ምንዛሪ ወደ ብር ስመታው አንዲት ደህና በግ መጣች። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው፤ ነሐሴ ላይ እንደገና ስመታው በጓ ወልዳ ቆየችኝ።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «ጎርፍ የበላው መንደር ለማየት ነው ይህን ሁሉ ዩሮ ያፈሰስከው? እኔ መርካቶ በነጻ አይደል እንዴ የማየው!» ልጁ ሳቀ። የሳቀው ግን እንደ ቀልድ ቆጥሮት ነው፤ እኔን ያናደደኝ ያ ነው። እኔ አልቀለድኩም።

መርካቶ ውስጥ አንድ መታጠፊያ አለ። ስሙን አልጠራም፤ አንደኛ የቱቦው ጉዳይ የሚመለከተው ሰው ቅር እንዲለው አልፈልግም፣ ሁለተኛ ደግሞ ቦታዬን ትሻሙኛላችሁ። መታጠፊያው ረባዳ ነው። ሰኔ ሲገባ ቱቦው ፌስታልና ሃይላንድ ይጎርስና እስከ መስከረም አፉን አይከፍትም። ከላይ የወረደ ውሃ ሁሉ መጥቶ እዚያ ይተኛል። የሠፈሩ ሰው «ሐይቃችን» ይለዋል። ስፋቱ እንደ ዝናቡ ነው። ስለ ጥልቀቱ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም፤ አንድ ሙሽራ ለሠርጉ የገዛው ጫማ አንደኛው እግር እዚያ ገብቶ እንዳልወጣ ግን ምስክር ነኝ።

ከሐይቁ ፊት ለፊት የባልንጀራዬ ሱቅ አለ። ጃንጥላ፣ ቦት ጫማና ላስቲክ ይሸጣል። ዘጠኝ ወር ሲያዛጋ ከርሞ ሰማዩ ሲጠቁር ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር የሚያመሰግነውን አምላክ ገበሬ እንኳ እንደዚያ አያመሰግነውም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለእኔ ደጃፉ ላይ አንዲት በርጩማ አስቀምጦልኛል። ብሬገንዝ ቢሆን የዚያች በርጩማ ዋጋ አንድ የበግ መንጋ ከነግልገሎቹ በሆነ ነበር።

ቴአትር የማያውቅ ሰው እንዳልመስላችሁ፣ ያደግኩት አዲስ ከተማ ነው። ድሮ ሲኒማ ራስ ይባል የነበረው ቤት በደርግ ዘመን ራስ ቴአትር ሆኖልን ነበርና፣ የእኛ ሠፈር ልጅ ቴአትር ለማየት የግድ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ድረስ መሄድ አልነበረበትም። ችግሩ ስንወጣ ነው። የአዳራሹ በር የሚከፈተው መርካቶ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሌላው ቴአትር ሳያቋርጥ ይታያል። ውስጥ ተዋናዩ ሲያለቅስ «ይችላል!» ብለን እናደንቃለን፤ ውጭ ደላላው ሲምል ግን እናምነዋለን። ማን ይበልጣል?

እንዲያውም በዕድሜዬ ካየኋቸው የቴአትር ቡድኖች ሁሉ የተዋጣላቸው ሦስት ካርታ የሚገለብጡት ናቸው። አንዱ ካርታውን ያገላብጣል። አንዱ ከገጠር የመጣ መስሎ ይበላል፤ ብሩን እያውለበለበ ይዘላል። ሌላው «ተው፣ አጭበርባሪ ነው!» እያለ ይቆጣል፤ ይኼኛው እንዲያውም ከሁሉም የከበደ ሚና ነው፣ ምክንያቱም እሱን የሰማ ሰው «ይኼ እውነተኛ ሰው ነው» ብሎ ተጠግቶት ይቆማል፤ ገንዘቡ የሚበላበትም እዚያ ቆሞ ነው። ልምምድ የሚያደርጉት የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ቲኬቱን ግን አንድ ጊዜ ከፍያለሁ፤ የመጀመሪያ ደመወዜ ነበር።

ይህን ሰፊ መድረክ ያቆሙልን ጣሊያኖች ናቸው ቢባል ያስኬዳል። ከወረራው በፊት ገበያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፒያሳን ለራሳቸው ፈለጓትና ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍተው «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ወረራው ሲያበቃ «ኢንዲጄኖ»ው ስሙን ካወጡት ሰዎች ጋር ሄደ፤ «መርካቶ»ው እኛ ጋ ቀረ። ተራውን፣ በረንዳውን፣ ቃለ ተውኔቱን የጻፈው ግን ሕዝቡ ራሱ ነው። «ምናለሽ ተራ» ብሎ ስም የሚያወጣ ደራሲ እስቲ አምጡልኝ።

ከልጁ ጋር በሳምንቱ እንደገና ተደዋወልን። በነገሩ ተቀይሜ እንደነበር ስለገባው ሊያስተምረኝ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ያየው ቴአትር ኦፔራ ነው። (ኦፔራ ማለት እየዘፈኑ መጣላት፣ እየዘፈኑ መታረቅ፣ ሲሞቱም ዘፈኑን ጨርሶ መሞት ነው፤ ይኼ ትርጉም የእኔ ነው።) «ደር ፍራይሹትዝ» ይባላል፤ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ የደረሰው። አንድ አዳኝ የሚወዳትን ልጅ ለማግባት የተኩስ ፈተና ማለፍ አለበት። እጁ አልታዘዝ ሲለው በጓደኛው ምክር የአስማት ጥይት ያስቀልጣል፤ ሰባት ጥይት። ስድስቱ ተኳሹ ወዳለመበት ይሄዳሉ። ሰባተኛው ሰይጣን ወደ ፈለገበት።

«ሰባተኛ ላይ ነገር እንደሚበላሽ ሰባተኛ ሠፈርን ለሚያውቅ የመርካቶ ልጅ ትነግረዋለህ?» አልኩት።

ሳቀ፤ አሁን በትክክለኛው ቦታ ነው የሳቀው። ከዚያ የፌስቲቫሉን አጀማመር ነገረኝ፤ እዚህ ላይ ነው ልቤ ትንሽ የራራው። 1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ። ብሬገንዝ ለትርኢት የሚሆን ቴአትር ቤት የላትም። ሰዎቹ ቁጭ ብለው አላለቀሱም፤ ሁለት የጠጠር መጫኛ ጀልባ ፈለጉና ሐይቁ ዳር አሰሯቸው። አንደኛው መድረክ ሆነ፣ ሁለተኛው ላይ ሙዚቀኞቹ ተቀመጡ፤ የሞዛርትን «ባስቲያንና ባስቲየን» የተባለች አጭር ሥራ አሳዩ። ያ ሁሉ ሰባት ሺህ ወንበር የበቀለው ከሁለት የጠጠር ጀልባ ነው።

«በእኛ ሲኖትራክ ማለት ነው» አልኩት። «ይህንን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ አንጣላም ነበር።»

«ግን ጋሼ» አለ፣ አፉ አያርፍም፣ «እኛ አገር በክረምት ከቤት ውጭ ትርኢት የሚባል ነገር አይታሰብም፤ እሱን እመን።»

እዚህ ላይ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት፤ ረዘም ያለ ንግግር ሳስብ የማደርገው ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው መቼ ነው? በ1927 ዓ.ም.፣ በሐምሌ! ጣሊያን ሊመጣ ደጅ ደርሷል፤ እነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እየሰበሰቡ ንግግሩንም አዝማሪውንም ያሰሙት ነበር። ዛሬ ቴአትር ቤት የምንለው የጀመረው እንዲያ ነው፤ በክረምት፣ በአደባባይ። በአዳራሽ ብቻ የተጀመረውማ ምን ሆነ? በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው በሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩ። ተመልካቹ አውሬዎቹን ትንሽ ትኩር ብሎ ቢያያቸው የሚያውቃቸው ሰዎች ሆኑበት። ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት፤ የመጀመሪያው ቴአትራችንም ወዲያው የመጨረሻው ሊሆን ትንሽ ቀረው። በእኔ አስተያየት ስህተቱ የተመልካቹ ምርጫ ነው። መርካቶ ቢያሳዩት ኖሮ እያንዳንዱ ሰው አውሬው ጎረቤቱ እንደሆነ አስቦ ስቆ ይሄድ ነበር።

ንግግሬ አላለቀም። ቡሄስ? የነሐሴ 12 ማታ ልጆቹ ጅራፍ እያጮሁ፣ ዱላ እያስመቱ በየደጁ ሲጨፍሩ ጣሪያ አላቸው? ዋግ ኽምራ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ፤ ሁሉም በነሐሴ፣ ሁሉም ሜዳ ላይ፣ ቀሚሱ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ የቀረ የለም። ፈረንጅ ዝናብ ሲያቆም ይወጣል። እኛ ዝናቡ እያለ ነው የምንወጣው።

ዝም አለ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኔትወርኩ ተቋርጧል። የተናገርኩትን ግማሹን አልሰማም።

ከዚያ ጥሪ ለባልንጀራዬ የሚሆን አንድ ዜና ብቻ ነው የተረፈኝ። «ዝናብ ቢመጣስ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ትርኢቱ በቀላል ዝናብ አይቋረጥም አለ፤ ሰው የዝናብ ልብስ ለብሶ ያያል። ጃንጥላ መዘርጋት ግን ነውር ነው፤ የኋላውን ይከልላል። ይህን ለባልንጀራዬ ስነግረው የያዘውን ቦት ጫማ አስቀመጠው። «ሰባት ሺህ ሰው፣ ዝናብ፣ ጃንጥላ የለም?» አለ ቀስ ብሎ። ያዘነ መስሎኝ ላጽናናው ስል፣ ለካ ሒሳብ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦ «የዝናብ ልብሱን ማን ነው የሚያስገባላቸው?»

አሁን ወደ ሐይቃችን። ትርኢቱ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነው፤ ክረምት የራሱ ሰዓት አለው። መጀመሪያ ንፋሱ ይመጣል፤ ከሱቅ ሱቅ «ላስቲክ! ላስቲክ!» ይባላል። መሬት የተዘረጋ ዕቃ ሁሉ በአንዴ ተጠቅልሎ ጀርባ ላይ ይወጣል። ከዚያ መብራት ይጠፋል፤ ይኼ በየትኛውም ቴአትር ቤት የሚታወቅ ምልክት ነው። ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ይደረደራል፤ ጅምላ ነጋዴው ከተሸካሚው፣ የባንክ ጸሐፊዋ ከሎተሪ አዟሪው ትከሻ ለትከሻ። የሙሉ ቀን ዋጋ ክርክር ይቆማል። ከአንዋር አዛኑ፣ ከራጉኤል ደወሉ በዝናቡ መሃል ይመጣሉ፤ የሚሄደው ይሄዳል፣ የቀረነው ወደ ሐይቁ እናፈጣለን።

መጀመሪያ የሚወጡት ድንጋይ ደርዳሪ ልጆች ናቸው። ውሃው ውስጥ ድንጋይና ጣውላ ያሰልፉና «ድልድይ አምስት ብር!» ይላሉ። ድልድዩ የማን እንደሆነ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። ከዚያ ፍራሽ ገዝቶ በራሱ የተሸከመ ሰው ይመጣል፤ ሲመጣ ፍራሹ ከዝናብ ያስጠልለዋል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፍራሹ ውሃውን ጠጥቶ ይከብደዋል፣ ዳር ሲደርስ ማን ማንን እንደተሸከመ አይለይም። ነጭ ጫማ ያደረገ ወጣት ሁልጊዜ አለ። የት እንደሚኖር አላውቅም፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው የሚመጣው።

አንድ ሐሙስ ቀን የታየውን ግን ብሬገንዝም አያገኘው። ከሠፈራችን ነጋዴዎች አንዱ፣ ዘይትና ስኳር የሚያከፋፍል፣ በአንድ አባባሉ የታወቀ ሰው ነው። ቸርቻሪው መጥቶ «ትናንት እኮ ይኼን ያህል ነበር!» ሲለው ካልኩሌተሩን እንኳ ሳያነሳ «እሱ የትናንት ዋጋ ነው» ይላል። ሌላ መልስ ሲመልስ የሰማው የለም። በዚያ ሐሙስ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ አድርጎ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ወዲህ ማዶ እሱ፣ ወዲያ ማዶ ባንክ፤ ሊዘጋ የቀረው ትንሽ ነው። ድንጋዮቹን ውሃ ውጧቸዋል።

ጆንያ ተሸካሚ የሆነ ቀጭን ልጅ ቀረበውና በሃምሳ ብር ተስማሙ። አዘለው። በረንዳው ጸጥ አለ፤ ልጁ ቀጭን፣ ነጋዴው የዘይትና የስኳር ነጋዴ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ልጁ ቆመ።

«ምነው? ደከመህ?»

«አይ ጋሼ። መቶ ሃምሳ ነው።»

«ምን? በሃምሳ ተስማምተን!»

«እሱ የደረቅ ዋጋ ነው። አሁን ኮትዎ ውሃ ጠጥቷል።»

በረንዳው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ነጋዴው ጀርባ ላይ ሆኖ ለመቆጣት ሞከረ፤ ሰው ታዝሎ ሲቆጣ ግን አያምርበትም። «አንተ ልጅ፣ ነውር ነው! አሁን፣ እዚያ ማዶ ሆነህ በአፍህ ሃምሳ ብለኸኛል!»

ልጁ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን አየ። የተሸከመው ሰው የማይከብደው ይመስል ረጋ ብሎ፣ «ጋሼ» አለ፣ «እሱ እኮ የትናንት ዋጋ ነው።»

ከዚያ የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል። አንድ ቸርቻሪ ከሳቁ የተነሳ የያዘውን ብርጭቆ ሻይ ጎረቤቱ ላይ ደፋው፤ ጎረቤቱም አልተቆጣም። በረንዳው ለሁለት ተከፈለ። ቸርቻሪው ወገን «ጨምርበት!» ይላል፤ ጅምላው ወገን «ቃል ቃል ነው!» ይላል። አንዲት እናት ብቻ «ኧረ ልጄ፣ ወገብህ! መጀመሪያ አውርደውና ከዚያ ተጣሉ!» ብለው ጮኹ።

ነጋዴው ሽንፈቱን ተቀበለ። ግን እጁ የሱሪ ኪሱ አይደርስም። «ችግር የለም፣ ቴሌብር አለኝ» አለው ልጁ፤ ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ነገረው። ዝናቡ ስለሚውጠው በረንዳው እያንዳንዷን ቁጥር ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ይደግምለት ጀመር። ነጋዴው ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ በልጁ ራስ ላይ ደግፎ፣ ላከ።

ልጁ አልተንቀሳቀሰም።

«ልኬያለሁ እኮ!»

«መልእክቱ ይግባ ጋሼ።»

ዝናብ ባለ ቀን ኔትወርክ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ አልቆጠርኩም። ሁለቱ አንድ ላይ ሐይቅ መሃል፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሁለቱም ስልክ እየጠበቁ፤ ሐውልት ቢሠራላቸው መርካቶን በሙሉ የሚገልጽ ሌላ ሐውልት አያስፈልግም ነበር። በመጨረሻ የልጁ የኋላ ኪስ ጮኸ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ ልጁ ሁለት እጁ የነጋዴውን ጭን ይዟል። ስለዚህ ነጋዴው ራሱ ጎንበስ ብሎ የልጁን ስልክ ከኪሱ አወጣ።

«ያንብቡልኝ» አለው።

ከፋዩ ለተቀባዩ የክፍያውን መልእክት አነበበለት። «መቶ ሃምሳ» ሲል በረንዳው አጨበጨበ። ልጁ እንደ ባለሥልጣን መኪና ቀስ ብሎ ወዲያ ማዶ አደረሰው።

ባንኩ ተዘግቷል።

ነጋዴው የተዘጋውን በር ትንሽ አየው፤ ዞረና ልጁን አየው። ልጁም በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «መጀመሪያውኑ ደርሶ መልስ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ጋሼ፣ ቅናሽ ነበረው።»

ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ አሥር ጊዜ አውርቼለታለሁ። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ለእረፍት ሲመጣ እንግዲህ እዚያው በርጩማዬ አጠገብ ሌላ በርጩማ ተዋስኩለት። «ብሬገንዝህን ዛሬ ታየዋለህ» አልኩት።

ፀሐይ ወጣ። ነሐሴ ውስጥ፣ መርካቶ ላይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ! ሐይቃችን ደርቆ የውስጡ ሁሉ ታየ፤ ሁለት ጎማ፣ አንድ የብረት አልጋ እግር፣ ፌስታል ያለ ቁጥር። የሙሽራው ጫማ ግን አልነበረም። ባልንጀራዬ ደጃፉ ላይ እንደ ለቀስተኛ ተቀምጧል። ልጁ በትሕትና «ግድ የለም ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ እናያለን» ሲለኝ ከመሳቁ የበለጠ አናደደኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ንፋሱ መጣ። «ላስቲክ!» ተባለ። መብራቱ ጠፋ። ልጁ ከቦርሳው ያንን ብሬገንዝ የለበሰውን የዝናብ ልብስ አውጥቶ አጠለቀው፤ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሚያንጸባርቅ። ይኼን ጊዜ በረንዳው በሙሉ ሐይቁን ትቶ ወደ እሱ ዞረ። አንዱ «ስንት ገዛኸው?» አለው። ሌላው «ሁለት ልትሰጠኝ ትችላለህ?» አለው። ባልንጀራዬ ጫፉን ገልብጦ ስፌቱን መረመረና «ቻይና ነው» ብሎ ፈረደ።

እኔ ማስተማር ጀመርኩ። ይኼ ድልድይ ነው፣ እነዚያ ባለ ድልድዮቹ ናቸው፣ ያ ቀጭኑ ልጅ ያ ያልኩህ ነው፣ ይኼውልህ እንዴት እንደሚሻገሩ ላሳይህ። ጡረተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያሳይም። የመጀመሪያውን ድንጋይ በደህና ረገጥኩ። ሁለተኛውንም። ወደ በረንዳው ዞር ብዬ እጄን አነሳሁ፤ ይኼንን ለምን እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሦስተኛው ድንጋይ ድንጋይ አልነበረም፤ የተነፋ የውሃ ጀሪካን ነው፤ ባለ ድልድዮቹ ድንጋይ አልቆባቸው ጭቃ ቀብተው ያስገቡት።

ሐይቃችን ውስጥ ተቀመጥኩ። ጥልቀቱን አሁን አውቀዋለሁ፤ ለተቀመጠ ሰው ደረት ድረስ ነው።

በረንዳው ለአፍታ ዝም አለ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ተጎድቼ እንደሆነ ፈርተዋል። «ደህና ነኝ» ብዬ ከውሃው ውስጥ እጄን ሳነሳ ለነጋዴው ያልተጨበጨበውን ያህል ተጨበጨበልኝ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ ነው፤ ዝናብ ልብሱ ከላይ እስከ ታች በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ቀጭኑ ልጅ ውሃውን እየሰነጠቀ መጣ። «አባት፣ ላውጣዎት?»

«ስንት?» አልኩት። የመርካቶ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖም ይጠይቃል።

«እርስዎንማ በነጻ ነው» አለና በብብቴ ገብቶ አነሳኝ። «ስንት ክረምት ሙሉ እዚያች በርጩማ ላይ ሆነው ያለ ቲኬት ሲያዩን ኖሩ። ዛሬ ከፈሉ።»

ቪዲዮው ኦስትሪያ ደርሷል። የእህቴ ልጅ የሥራ ባልደረቦች ደጋግመው አይተውታል አሉ፤ አንዷ ትርኢቱ በሚቀጥለው ዓመት መቼ እንደሚጀምርና ቲኬቱን ከየት እንደሚገዙ ጠይቃለች። ባልንጀራዬ ቁጥሬን ስጣት ብሎኛል።

እናንተም በዚህ ክረምት ወደ መርካቶ ብቅ ካላችሁ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ ከሌላችሁ እዚሁ አለ፣ ዋጋውን ግን ትናንት እንደነበረው አትጠይቁ። ሦስተኛውን ድንጋይ ዝለሉት። ደጃፉ ላይ ያለችውን በርጩማ ደግሞ አትንኩብኝ፤ ኮቴ እስኪደርቅ ነው የተነሳሁት።